ፍየሏና እኛ



በኅብረታችን የምትሰበሰቡ ወገኖች በመኪና ማቆሚያው ዳር የምትቆመውን ሰማያዊ አሮጌ መኪና ታውቋታላችሁ። ከአምልኮ በኋላ ስናስነሳት ልጆች ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ ወንድሞች ደግሞ ለጸሎት ስብሰባ በማናይባቸው ፍጥነት ኮፈኗ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ለማታውቁን፣ እኛ ሜሪላንድ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። መኪናዋ የ1966 ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። አሜሪካኖች የእሷን ዓይነት «መስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለጡንቻ መኪና እንደማለት። ነገሩ ቀላል ነው፦ መካከለኛ መጠን ያለው የቤተሰብ መኪና ይወሰድና ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ይገባበታል።

ብዙዎቻችሁ በቀልድም በቁም ነገርም አንድ ጥያቄ ትጠይቁናላችሁ፦ «ሀገር ቤት ይህ ሁሉ ችግር እያለ፣ አማኝ ሰው ለአንድ ብረት 18 ዓመት ይለፋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እስከ ዛሬ በፈገግታ ያለፍነው መልሱ ረጅም ስለሆነና ግማሹም ስለ መኪና ስላልሆነ ነው።

ወዳጆቿ ጂቲኦን «ጎት» ይሏታል፤ ሦስቱን ፊደላት አገላብጠው ፍየል አደረጓት ማለት ነው። ይህን የሰሙ አንድ የኅብረታችን ሽማግሌ ማቴዎስ 25ን አስታውሰው፣ «እንግዲያው ፍየሎች የሚቆሙት በግራ ነው» ብለው ከበሩ በስተግራ ቦታ ሰጡን። እስከ ዛሬ እዚያው ነን።

አወላለዷ ትንሽ ብልጠት አለበት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም የሚከለክል ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ክፍል የነበሩት ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ደንቡን በጥሞና አነበቡት። ደንቡ ስለ አዲስ ሞዴል ይናገራል፤ ገዢ መርጦ ስለሚያስጨምረው ተጨማሪ ዕቃ ግን አይናገርም። ስለዚህ ለ1964 ሞዴል ባለ389 ኪዩቢክ ኢንቹን ሞተር «ተጨማሪ ዕቃ» ብለው አቀረቡት። ስሙንም ከፌራሪ ተዋሱ። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። በ1966 ራሷን የቻለች ሞዴል ስትሆን ቁጥሩ 96,946 ደረሰ። (ከዚህ ታሪክ መንፈሳዊ ትምህርት ለማውጣት አንሞክርም።)

389 ኪዩቢክ ኢንች 6.4 ሊትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር በእኛ ቤት የምንረዳው በሌላ መለኪያ ነው። ከሁለታችን የአንዳችን አባት በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ የሆነችውን ትንሿን ፊያት ሴቼንቶ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዋ ሴቼንቶ ሞተር 633 ሲሲ ነበር። የአሥር ታክሲ ሞተር በአንድ ኮፈን ሥር እንደማለት ነው። በዚያች በአንዷ ሞተር ስንት ልጅ እንዳደገ ስናስብ ፍየሏን ስናስነሳ ትንሽ እናፍራለን።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ታሪካችን እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። አንዳችን በዲቪ ቀድሞ መጣ። በ2000 ሀገር ቤት ተመልሶ ጋብቻችን በቤተ ክርስቲያን ተባረከ፤ አንድ ወር አብረን ቆየን። ከዚያ ስድስት ዓመት ወረቀት ጠበቅን። ስድስት ዓመት ትዳራችን የስልክ ካርድ ነበር። ባለአምስት ዶላሩን ፍቀን ቁጥሩን እናስገባለን፤ የቀረውን ደቂቃ የምትነግረን ድምፅ ትናገራለች፤ ከዚያ እኛ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚነገረው ደህና ደህናው ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» «ጌታ ይመስገን።» «እማማስ?» «ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል።» አንዳችን በአንድ ምድር ቤት ከአራት ሰው ጋር እየተኛ ሁለት ፓርኪንግ ሲሠራ፣ ሌላኛችን በኩል የሆነውን ደግሞ ቆይተን እንናገራለን። ማንም ማንን ሊያታልል ፈልጎ አይደለም። በሩቅ ያለ ሰው እንዳይጨነቅ የሚደረግ ነው፤ ያደረጋችሁት ታውቁታላችሁ።

በ2006 ዱለስ አየር ማረፊያ ስንገናኝ አለቀስን፣ አመሰገንን፣ ቤት ገባን። ከዚያ እንግዶች ሆነን ተቀመጥን። አንጣላም ነበር፤ ቢሆን ሳይሻል አይቀርም። «ሻይ ልጨምርልህ?» «ይበቃኛል፣ ተባረኪ።» የጋብቻ ምክር የሚሰጡ መጋቢ ቢጠይቁን «ምንም ችግር የለብንም» ብለን በሙሉ ልብ እንመልስላቸው ነበር።

በማግሥቱ ዓመት መንገድ ላይ ከጎረቤት ቤት ጀርባ በሸራ የተሸፈነች መኪና አየን። ጎማዎቿ አልቀው ብረቱ መሬት ነክቷል፤ በውስጧ አይጥ ወልዳለች። 4,500 ዶላር ተባለ። አንደኛችን ሀገር ቤት በቴክኒክ ትምህርት ቤት የአውቶ መካኒክ ተምሯል፤ ፍላጎቱ ከዓይኑ ይነበብ ነበር። «አይሆንም» ይላል ተብሎ የሚጠበቀው ሌላኛው ሰው ግን «እንግዛት» አለ። ለምን እንዳለ ዛሬም ሲጠየቅ የሚመልሰው፣ «አብሮ የሚሠራ ነገር ስለፈለግሁ» ነው።

ስንገዛት ቀለሟ ከሩቅ ያምር ነበር። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል፤ ቀጭን ጨርቅ ጠቅልለውበት ቦዲው ላይ ያሳልፉታል። ከላሜራው ጋር ይጣበቃል፤ ስቱኮ ሲያገኝ ይወድቃል። የእኛ ማግኔት በኋለኛው ጎማ ዙሪያ አንዴም አልያዘም። ስቱኮውን ስንፍቀው ጣት የሚያህል ውፍረት ነበረው፤ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት ተወትፏል፤ ከወንፊቱ ሥር ደግሞ ባዶ ነው። ብረቱ ሄዷል። በዚህ አገር ክረምት ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር ገብቶ ይበላዋል፤ በኋለኛው መስታወት ጥግ የሚጠራቀመው ውኃ ደግሞ ከላይ። ሁለቱ መሃል ላይ ይገናኛሉ።

ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ዝገቱን አያቆመውም። እርጥበቱን አፍኖ ይይዝለታል፤ ስለዚህ ከማይታይበት ይፋጠናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ። የመጀመሪያውን ዓመት ስንቆርጥ ዋልን ማለት ይቻላል። መኪናዋ ከገዛናት ጊዜ ይልቅ የባሰባት መሰለች፤ ለጠየቀን ሁሉ «እየተሻላት ነው» ማለት ከበደን። በዚያ ወቅት በቤት ውስጥ ኅብረታችን ነህምያን እያጠናን ነበር። ሰውየው ኢየሩሳሌም ደርሶ አንድ ድንጋይ ሳያነሳ በፊት፣ በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ያያል፤ በአንዱ ሥፍራ እንስሳው የሚያልፍበት መንገድ እንኳ አልነበረውም። ያን ክፍል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። በምሽት በአምፖል ብርሃን ፍየሏን እየዞርን ያየነውን ካየን በኋላ ግን ሌላ ሆነብን።

ብየዳውን የተማረችው ከሁለታችን ሴቷ ናት። ቀን አረጋውያን እየተንከባከበች፣ ማታ ኮሌጅ ገብታ ከ19 ዓመት ጎረምሶች ጋር ተማረች፤ እጇ ከሁሉም ይረጋ ነበር። የቦዲ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። አንዴ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ልበይድ ያለ ሰው ብረቱን በሙቀት ያጣምመዋል። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ሌላ ነጥብ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ከዚያ እጅ ሲነኩት የማያቃጥል እስኪሆን መጠበቅ። ከዚያ በነጥቦቹ መካከል ሌላ ነጥብ። የአንድ ክንድ ስፌት አንድ ምሽት ይበላል፤ ከምሽቱ ደግሞ አብዛኛው መጠበቅ ነው።

ያወራነው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው። አንዳችን ብረቱን እንይዛለን፣ ሌላኛችን ይበይዳል፤ የብየዳ ጭንብል ፊት ይሸፍናል። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይነገር ነገር ከጭንብል ጀርባ ይነገራል። በ2008 የካቲት አንድ ምሽት፣ በስተቀኝ ያለውን የኋላ ላሜራ እየገጠምን፣ በ2000 ከሠርጉ በኋላ ተፀንሶ በሦስተኛው ወር የወረደ ልጅ እንደነበረን ተነገረ። ከሁለታችን አንዱ ስምንት ዓመት ብቻውን ያውቀው ነበር። በአምስት ዶላር ካርድ እንዴት ይነገራል? ሌላው ደግሞ ስለ ምድር ቤቱ፣ ስለ ሁለቱ ፓርኪንግ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ጸሎት አቅቶት እንደነበረ ተናገረ። ብየዳው ያን ቀን አራት ነጥብ ላይ ቆመ። ጋራዡ ወለል ላይ በካርቶን ተቀምጠን ለዚያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን አለቀስን፣ አብረንም ጸለይን። በማግሥቱ አላወራንም። በሌላው ሳምንት ትንሽ አወራን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ።

ይህን የምንጽፈው ስለ እኛ እንድታውቁ ብለን ብቻ አይደለም። በመካከላችሁ አሁን ወረቀት የምትጠብቁ አላችሁ፤ የዛሬው ስልክ ፊት ያሳያል እንጂ የሚነገረው ያው ደህና ደህናው ነው። ደግሞም በቅርቡ የተገናኛችሁና «ምንም ችግር የለብንም» የምትሉ አላችሁ። ሁሉን በአንድ ሌሊት ተናግረን እንጨርስ አትበሉ፤ ብረቱ ይጣመማል። አብራችሁ በእጃችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልጉ። መኪና መሆን የለበትም፤ ከመኪና የሚረክስ ብዙ ነገር አለ።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። አንድ ወንድም ፊት ለፊት፣ «ይህ ስንት ወንጌላዊ ይደግፋል?» አለን። ሰዎች በዚህ ጊዜ ሽቱ ስላፈሰሰችው ሴት ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ እኛ ያን ታሪክ ለካርቡሬተር ለመጥቀስ አንደፍርም። ያደረግነው ሌላ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ተስማማን፦ አሥራቱ ከወጣ በኋላ፣ ለፍየሏ አንድ ዶላር ስናወጣ ለሀገር ቤት ሌላ አንድ ዶላር፤ ይህም ለወላጆች በየወሩ ከሚላከው በላይ። ስለዚህ ዕቃዋ ሁሉ ለእኛ ሁለት እጥፍ ዋጋ ነበረው። የቫልቭ መቀመጫዎቿን በጠንካራ ብረት ማስቀየር ነበረብን፤ የድሮው ቤንዚን እርሳስ ስለነበረበት ቫልቩን ይጠብቅለት ነበር፣ የዛሬው የለውም። ያ ሥራ ብቻ ሁለት ዓመት አቆየን። አራት ዓመት ልትጨርስ የምትችል መኪና ስምንት ዓመት የፈጀችው በዚህ ነው፤ እኛም አልተቻኮልንም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ባለጠጎችን እንዲያዝ በጻፈበት ቦታ እግዚአብሔር ሁሉን ደስ እንዲለን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ ለመስጠትና ለማካፈል የተዘጋጁ ይሁኑ ይላል። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል በሁለቱም በኩል ያለ ፈተና ነው።

የዕቃ መሸጫው ነገር ራሱን የቻለ ጨዋታ ነበር። የእኛ የመካኒክ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ። አሜሪካዊው ሻጭ ፊት ቆሞ «ፑንቲና» ያለ ሰው የሚያገኘውን ፊት ገምቱት። ከዚያ በኋላ የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ይዘን መሄድ ጀመርን።

በ2010 ልጃችን ተወለደች። ከመኪናዋ የፈታነውን ቡሎን ሁሉ በትንንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርገን በአማርኛ እንጽፍበት ነበር፦ «የግራ በር ማጠፊያ»፣ «የመሪ»፣ «የምን እንደሆነ አይታወቅም»። ልጅቷ በአምስት ዓመቷ ፊደል የለየችው ከእነዚያ ከረጢቶች ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ «መ» የምን «መ» ነው ስትላት «የመሪ» ብላ መልሳለች፤ መጽሐፍ ቅዱስ ቢጠበቅባትም።

ከሁሉ ሥራ የምንወደው ፍሬኑን ነበር። የ1966ቱ ፍሬን ዘይት የሚገፋው በአንድ መስመር ነው፤ አንዱ ቧንቧ ቢቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በማግሥቱ ዓመት፣ ለ1967 ሞዴል፣ ሁለት መስመር ሆነ። እኛም የሁለቱን ገጠምን። መኪናዋ እንደተወለደች መቅረት አለባት የሚሉ ወዳጆች ቅር ተሰኝተዋል፤ በኋላ ወንበር ልጅ የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ አይከራከርም። ከቧንቧው ውስጥ አየር ለማስወጣት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ይተኛል። የሚጀመረው ከሁሉ ርቆ ካለው፣ ከቀኝ ኋላ ነው። «ርገጪ።» «ረገጥኩ።» «ያዢ።» ከሥር ያለው ቡሎኗን ይከፍታል፣ ዘይቱ አረፋ ይዞ ይወጣል፣ ይዘጋል። «ልቀቂ።» ቡሎኗ ሳትዘጋ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ የተለፋው ሁሉ ከንቱ ነው። ፔዳሉ ላይ ያለው ከሥር የሚሆነውን አያይም፤ ቃል ብቻ ይጠብቃል። ከዚያ ቦታ ተቀያየርን፦ «ርገጥ። ያዝ። ልቀቅ።» ያን ዕለት ስንት ጊዜ እንደተባባልን አልቆጠርንም፤ ግን በስልክ ካርዱ ዘመን ሁሉ ከተነጋገርነው ይልቅ በደንብ የተደማመጥነው በዚያ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

በ2015 መጸው በራሷ ኃይል ወጣች። ስካይላይን ድራይቭን መረጥን፤ በቨርጂኒያ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። 335 የፈረስ ጉልበት ይዘን በሰዓት 35 ማይል! ከኋላችን የነበረ ብስክሌተኛ ሊቀድመን ይሞክር ነበር። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል፣ መስታወቱን ዝቅ አድርገናል፣ ልጃችን ከኋላ «ኢየሱስ ይወደኛል» ትዘምራለች፤ ከሞተሩ ድምፅ ግማሹ ብቻ ይሰማናል። በዕርፍት ቦታው ቡና አፈላን። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ መጥቶ በወጣትነቱ እንደዚህ ያለች እንደነበረችው፣ ወደ ቬትናም ሲሄድ እንደሸጣት ነገረን። ስኒ ሰጠነው፤ ኮፈኑ ላይ እጁን አድርጎ ዝም ብሎ ጠጣ።

በ2017 ባለታክሲው አባታችን ሊጠይቁን መጡ። እዚህ ላይ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ አትበሉን፤ የእሳቸውና የፍየሏ ታሪክ አንድ ቦታ ይገናኛል። እነዚህን መኪኖች የጣሏቸው ብዙ ነገሮች ናቸው፦ የኢንሹራንስ ዋጋ ናረ፣ የጭስ ሕግ መጣ፣ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ሞተሮቹ ደከሙ። የመጨረሻውን ምት ያሳረፈው ግን በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች የጣሉት የነዳጅ ማዕቀብ ነው። ነዳጅ ተወደደ፣ አሜሪካኖች በማደያ ተሰለፉ፤ የዚያ ዘመን የመጨረሻዋ ጂቲኦ የ1974 ሞዴል ሆነች። ያው የነዳጅ ዋጋ አዲስ አበባ ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ ከዚያ የተከተለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባታችን በዚያ አድማ ሴቼንቷቸውን ካቆሙት መካከል አንዱ ናቸው። የመኪናዋ ዓመት 1966 መሆኑን ስንነግራቸው፣ «የእኛ 66 ነው የእነሱ?» አሉ። «የእነሱ ነው፣ አባባ።» «ተመስገን» አሉ።

ከዚያ ሞተሩ እንዲነሣ ጠየቁ። ኮፈኑ ተከፍቶ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። እኛ ምስጋና እንጠብቅ ነበር። «ልጆቼ» አሉ፣ «አንዷ ካንዴላ አትሠራም።» አልተስማማንም። ስምንቱንም ፈታን። በሾፌሩ በኩል ከፊት ሦስተኛዋ እርጥብ ነበረች፣ ገመዷም ልል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ በየማለዳው ከጸሎት በኋላ ጋራዥ እየወረዱ ፍየሏን «ይጠይቋት» ነበር። ስለ ወረደው የልጅ ልጃቸውም የነገርናቸው በዚያው ጋራዥ ነው። ብዙ ነገር አልተናገሩም፤ ጨርቅ አንሥተው የሞተሩን ክዳን ሲወለውሉ ቆዩና «ስም አውጥታችሁለታል?» ብለው ጠየቁ። አላወጣንም ነበር። እሳቸው አወጡለት። እኛ ዘንድ ይቀመጥ።

አባታችን በ2021 ወደ ጌታ ሄዱ። ፍየሏ አሁንም አላለቀችም፤ የኋላው መስታወት ጎማ ዝናብ ያስገባል፣ በግራ በር ሥር ደግሞ ጥፍር የምታህል ዝገት ባለፈው ክረምት ብቅ ብላለች፤ በፀደይ እንቆርጣታለን። ልጃችን ዘንድሮ 16 ልትሞላ ነው። የተማሪ መንጃ ፈቃዷን አግኝታለች፤ የምትማረውም በእጅ ማርሽ፣ በፍየሏ ካልሆነ አለች። ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች በቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ማቆሚያ ስንዞር ዋልን። ከአንድ ወደ ሁለት ጥሩ ትገባለች። ፍሪሲዮኑን ግን ገና አለመደችውም፤ አዲስ ሸራ አዘናል፣ ሐሙስ ይደርሳል ተብሏል።